የቲሊ ሠላሳኛ ጨዋታ

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ሎሬን ካርቶኖቹን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ጎትታ አወጣቻቸው። አሥራ አራት የሙዝ ካርቶኖች ናቸው፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የተሰካ። በየጎናቸው «ማዕድ ቤት»፣ «የሄዝል መጻሕፍት»፣ «ታኬታ» የሚል በወፍራም ብዕር ተጽፎባቸዋል፣ ተሰርዞባቸዋል፣ እንደገና ተጽፎባቸዋል። ዘጠኝ ከተማ ዞረው ነው ሃዘርስቢ የደረሱት። ባሏ ጋርዝ የተጠበሰ ዳቦውን በባቄላ እየበላ አያት። እሷም ኮሪደሩ ላይ ደረደረቻቸውና የልብስ ቅርጫት ጫነችባቸው፤ ለቅርጫቱ ማስቀመጫ ያወጣቻቸው አስመስላ።

«ገና አልተወሰነም እኮ» አላት በመጨረሻ።

«እኔ ምን አልኩ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ሻይህን ጠጣ።»

ጋርዝ ቲሎትሰንን ከሎሬን በቀር ጋርዝ ብሎ የሚጠራው የለም፤ ለኳሱ ሰው ሁሉ ቲሊ ነው። ዕድሜው ሠላሳ ስድስት፣ ሥራው የመሃል ተከላካይ፤ በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ለአሥራ አንድ ክለብ ተጫውቷል፣ ሁሉም ከሊጉ የታችኛው እርከን ፈቅ ያላሉ። አፍንጫው አምስት ጊዜ ከመሰበሩ የተነሳ ወዴት እንደዞረ አይታወቅም። ፈጣን ሆኖ አያውቅም። ኳስ ወደ ሰማይ ወጥታ ስትመለስ ግን ቲሊ ከሥሯ አይጠፋም፤ ዝናብ ቢሆን፣ ጭቃ ቢሆን፣ የሰው ክርን ቢሆን። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ጥር ገብቶ ወራጅ ቀጠናው አንገት ሲያንቅ አሰልጣኞች ሁሉ የቲሊን ስልክ ቁጥር ያስታውሱታል። ግንቦት ሲመጣ ይረሱታል። ሳያባርሩት እሱ ራሱ ጥሎ የሄደው አንድ ክለብ ብቻ ነው፦ ክራግቶርፕ። አሰልጣኙ ባሪ ሄይግ በእረፍት ሰዓት ቢቀይረው፣ «አንተ የአውቶቡስ ሰልፍ እንኳ ማሰልጠን አትችልም» ብሎ ታኬታውን በሻይ ማፍያው ላይ ወርውሮ ወጣ። ይህ ከሆነ አሥራ ሁለት ዓመት አልፏል፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

ሃዘርስቢ ሲመጡ ሎሬን የለመነችው አንድ ነገር ነው። ልጃቸው ሄዝል አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ አምስት ትምህርት ቤት ቀያይራለች፣ በየትምህርት ቤቱ ጓደኛ ባበጀች ማግሥት ካርቶኑ ይወጣል። የሚመጣው ዓመት ትልቁን ፈተና የምትወስድበት ነው። «እዚህ አንድ ዓመት ጨምርልኝ፤ ልጅቷ አንድ ነገር በጀመረችበት ቦታ ትጨርስ» አለችው። ቲሊም ከክለቡ ሰዎች ጋር ተከራክሮ ውሉ ውስጥ አንዲት መስመር አስገባ፦ በዓመቱ ሠላሳ ጨዋታ በቋሚነት ከጀመረ፣ ውሉ ለአንድ ዓመት በራሱ ይታደሳል። የሚኖሩበት ቤትም የክለቡ ነው፤ ውሉ ካልታደሰ ሰኔ ሳያልቅ ቁልፍ ይመልሳሉ።

የካቲት መጨረሻ ላይ ሃያ ዘጠኝ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ አንድም ጨዋታ አልጀመረም።

ጉዳት አልነበረበትም። የክለቡ ሊቀመንበር አንድ ሽማግሌ ተከላካይ ለተጨማሪ ዓመት ማኖር ስላልፈለገ፣ አሰልጣኙን ክላይቭ ሬንሾን ጠርቶ «እንዳይጀምር» አለው፣ አለቀ። እንዲህ ያለውን ነገር በኛ ሊግ የማያውቅ የለም፤ ደፍሮ የሚናገርም የለም። ተቀይሮ መግባት አይቆጠርም። መጋቢት ላይ ወጣቱ ተከላካይ ኒል ስኬፍ በሦስተኛው ደቂቃ ተመትቶ ሲወጣ ቲሊ ገባ፣ ቀሪውን ሁሉ ተጫወተ፣ ጎል አገባ፣ ቅንድቡን አራት ቦታ ተሰፋ። መዝገቡ አሁንም ሃያ ዘጠኝ ይላል። እኔ ብሆን የሊቀመንበሩን መኪና በጭቃ እለስነው ነበር። ቲሊ ግን ሆድ ይፍጀው ብሎ ልምምዱን ቀጠለ።

እነሆ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ደረሰ። ሃዘርስቢ ከዌክስኩም ጋር በሜዳው ይጫወታል፤ ቢያንስ አቻ ካልወጣ ከሰባ ዓመት በኋላ ከሊጉ ይወርዳል። ቲሊ ኪልን ሌን ሜዳ ሲደርስ ሬንሾ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ሬንሾ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሁለት ልጆች አባት ነው፣ ሊቀመንበሩን ይፈራል። ክፉ ሥራ የሚሠራው ግን ክፉ ሰው ብቻ አይደለም።

«ቲሊ፣ ዛሬ ታስፈልገኛለህ። አጥቂያቸውን ማክብራይድን አይተኸዋል፤ መሰላል ነው። ስኬፍ ከሱ ጋር ዘሎ አይደርስም።»

«እጀምራለሁ ማለት ነው?»

ሬንሾ የገዛ ጫማውን አየ። «የሚጀምረው ስኬፍ ነው። ኳሷ መጀመሪያ ከመስመር ስትወጣ አስወጣውና አንተ ትገባለህ። አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። ምን ልዩነት አለው?»

«ልዩነቱንማ ያውቁታል፣ አለቃ።»

«አውቀዋለሁ። እኔም ታዝዤ ነው። እምቢ ካልክ ንገረኝና ስኬፍ እስከ መጨረሻው ይጫወት።»

እምቢ ካለ ማክብራይድ ቡድኑን በቴስታ ይጨርሰዋል፣ የመልበሻ ክፍሉ ግማሽ ሰው ሰኞ እንጀራው ይቋረጣል። እሺ ካለ የሎሬንን ቤት በገዛ እግሩ ሄዶ ማስረከቡ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን ሰዓት አየ፤ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

«እገባለሁ» አለ።

መልበሻ ክፍል ውስጥ ምስጢር ካልሲ እስኪያጠልቁ እንኳ አይቆይም። ስኬፍ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የሚያውቀውን ሁሉ ከቲሊ ተምሯል፣ አብዛኛውን በእርግጫ። ኅዳር ላይ ኳስ ትቶ ጎል ሲቆጠርበት፣ ቲሊ «ተወው ያልኩት እኔ ነኝ» ብሎ የሬንሾን ስድብ ተቀብሎለታል።

«አባባ፣ እውነት ነው?»

«ምኑ?»

«እኔ የማሊያ መስቀያ ነኝ አሉ። አንድ ደቂቃ አንጠልጥዬልህ ላወርደው።»

«ታኬታህን እሰር።»

«እናቴ ሁለት ባቡር ቀያይራ መጥታለች። እኔን ለአንድ ደቂቃ ልታይ።»

የሁለቱም ውርደት ከአንድ ትእዛዝ የመጣ መሆኑን ቲሊ ያን ጊዜ ነው ያስተዋለው።

የተሰላፊዎቹ ዝርዝር ለዳኛው ተሰጠ፤ ቡድኑ ለማሟሟቅ ወጣ። ሊመለሱ ሲሉ ስኬፍ ድንገት ባቱን ይዞ ሣሩ ላይ ተንከባለለ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የስኬፍ እንባ ግን ትንሽ ዘገየ። ደግፈው ሲያስገቡት በቲሊ ፊት ሲያልፍ ባንድ ዓይኑ ጠቀሰው።

ነገሩ ወዲያው ለቲሊ ገባው። ከጨዋታው በፊት የተጎዳን ሰው ተክቶ የገባ ተጫዋች እንደ ጀመረ ነው የሚቆጠረው።

የክለቡ ወጌሻ ሽማግሌው ዊልፍ ተንበርክከው ባቱን ዳበሱ። አርባ ዓመት ባት የዳበሱ ሰው ናቸው፤ ጤነኛ ባት አይጠፋቸውም።

«ተቀድዷል» አሉ።

«እርግጠኛ ነዎት?» አለ ሬንሾ።

«ከፈለግህ አንተ ዳብሰው።»

ሬንሾ ቲሊን አየ፤ ዓይኑን ወዲያው ነቀለ። ዝርዝሩ ዳኛው እጅ ስለገባ መተካት የሚቻለው ከሦስቱ ተቀያሪዎች ነው፦ ቲሊ፣ የክንፍ ተጫዋቹ ኦግደን፣ አጥቂው ካርልተን። «ኦግደን፣ አንተ ትጀምራለህ። ለአንድ ደቂቃ ብቻ።»

ኦግደን የታኬታውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። «ቁርጭምጭሚቴን፣ አለቃ።»

«ምን ሆነ?»

«እኔ እንጃ። አሁን ነው የጀመረኝ።»

ዊልፍ ሄደው ቁርጭምጭሚቱን ጫን ጫን አደረጉት። «አብጧል።»

«የቱ ጋ ነው ያበጠው?»

«ከውስጥ።»

ከጥግ አንዱ ፎጣ ውስጥ ገብቶ ሳል የመሰለ ነገር አሰማ። የዳኛው ደወል ጮኸ።

«ካርልተን» አለ ሬንሾ።

ካርልተን ስሙ ሲጠራ ቋንጃውን ያዘ፤ መጀመሪያ የግራውን፣ ቀጥሎ ሐሳቡን ለውጦ የቀኙን። «ይቅርታ አለቃ።»

«ወረርሽኝ ገባ እንዴ?»

«የሜዳው እርጥበት ነው» አሉ ዊልፍ እየተነሱ። «ለመጀመር አይችሉም። ቆይቶ ሊለቃቸው ይችላል።»

«በአሥር ሰው እጀምራለሁ።»

በረኛው ጓንቱን ከማጥበቅ ቀና ሳይል፣ «የኔም አውራ ጣት ትንሽ ይሰማኛል» አለ።

አሁን የሚስቅ የለም። ደወሉ ደገመ፤ ዳኛው በሩን ከፍቶ ራሱን አስገባ። «ለውጥ ካለ አሁኑኑ ይጻፍ፤ ሰው እየጠበቀ ነው።» ሬንሾ ዝርዝሩን ከዳኛው ተቀብሎ እስክሪብቶውን ይዞ ቆመ። ግንባሩ ላብ አውጥቷል። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ሊያይ የፈለገ ይመስል ዓይኑን በክፍሉ አዞረ።

«ይቺን ጨዋታ ከተሸነፍን የእያንዳንዳችሁ ቤት ነው የሚፈርሰው። ሊቀመንበሩ ደግሞ መጀመሪያ የሚበላው እኔን ነው። አውቃችሁ ነው?»

ሬንሾ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለ። ስኬፍ የሚል ስም ሰረዘ፣ ከላዩ ቲሎትሰን ብሎ ጻፈ፣ ወረቀቱን ለዳኛው ሰጠ።

ቲሊ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። የተሰማው ግን ፍርሃት ነው። በአሥራ ስምንት ዓመት ሰው እንዲህ ያለ ነገር አድርጎለት አያውቅም፤ ውለታውን ሜዳ ላይ መክፈል ካቃተው ደግሞ የሁሉንም እንጀራ ነው ይዞ የሚወድቀው። ወደ ሜዳ ወጣ። የድምፅ ማጉያው ስሙን ሲጠራ ሎሬን ከቆርቆሮ ጣሪያው ሥር ተቀምጣ ሻይ ይዛ ነበር። ሻዩን መሬት አስቀመጠችው፤ ከዚያ በኋላ አልነካችውም።

ማክብራይድ በመጀመሪያው ዝላይ ክርኑን የቲሊ ጎድን ላይ አሳረፈ። ቲሊ በሁለተኛው ዝላይ መለሰለት። የመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት በሬዎች አንድ ጠባብ በር ላይ እንደተያያዙ አለፈ፤ ጎል የለም። በእረፍት ሰዓት ያናገረው ሰው አልነበረም፤ ዊልፍ ብቻ ስፖንጅ አንገቱ ላይ ጨምቀውለት ሄዱ።

በስድሳ አንደኛው ደቂቃ ከሩቅ የተመታች ኳስ ነፋስ ይዟት መጣች። ቲሊ እንዲህ ያለችውን ኳስ ሺህ ጊዜ መልሷል። አንድ እርምጃ ቀድሞ ዘለለ፤ ኳሷ ፀጉሩን ነክታ አለፈች። ማክብራይድ ከኋላው ነበር። ዜሮ ለአንድ።

ከዚያ ከአንድ ጥግ፣ «ሽማግሌውን አስወጡት፣ የጡረታ ቢሮው ሊዘጋበት ነው» የሚል ድምፅ መጣ፤ ጥቂቶች ሳቁ። ቲሊ ወደ ተቀያሪዎቹ ወንበር ላለማየት ታገለ። ስኬፍ እዚያ ባቱን በፋሻ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እናቱ ከላይ ናት። ሁሉም ደህና የነበረውን እግራቸውን ለሱ ሲሉ ሰብረዋል፣ እሱ ግን አንዲት ኳስ አቃተው። ማልቀስ አማረው፤ በሜዳ ላይ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ሬንሾ በሰባ አምስተኛው ደቂቃ ወደ ወንበሩ ዞረ። «ከመካከላችሁ የዳነ አለ?»

«እኔን ለቀቀኝ መሰለኝ» አለ ካርልተን።

ሰማንያ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ሃዘርስቢ የማዕዘን ምት አገኘ። ቲሊ ወደ ፊት ሄደ። ኳሷ ስትመጣ ማክብራይድ ማሊያውን ይዞታል፤ ማሊያው ተቀደደ፣ ቲሊ ወጣ፣ ኳሷን ወደ መሃል መለሳት። ካርልተን በዚያው በታመመው እግሩ አገባት። የትኛው እግር እንደነበር በኋላ ዊልፍ እንኳ መናገር አልቻሉም።

የቀሩት ደቂቃዎች እንዴት እንዳለፉ ሃዘርስቢ ዛሬም ያወራል። መጨረሻ ላይ ማክብራይድ በስድስት እርምጃ ርቀት ባዶ ጎል አግኝቶ መታ። ቲሊ እግሩ ስለማይደርስ ፊቱን ሰጠ። አፍንጫው ለስድስተኛ ጊዜ ሲሰበር ድምፁን ሰማው፤ ከዚያ ቀጥሎ የሰማው የመጨረሻውን ፊሽካ ነው። አንድ ለአንድ።

ቤት ሲገቡ ሎሬን ቅርጫቱን ከካርቶኖቹ ላይ አወረደች እንጂ ካርቶኖቹን ወደ ቦታቸው አልመለሰችም። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ። «ሰኞ ይለፍ» አለችው።

ሰኞ የሚቆየውና የሚሰናበተው የሚለይበት ቀን ነው። ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ ወደ ሬንሾ ቢሮ ይገባሉ፤ ሲወጡ ፊታቸውን አይቶ መጠየቅ አያስፈልግም። ቲሊ አፍንጫው ላይ ፕላስተር ለጥፎ ገባ።

«ተቀመጥ» አለ ሬንሾ። «ውሉ እንደሚለው ነው። ትቆያለህ።»

ቲሊ የወንበሩን ጠርዝ ለቀቀ። «ስኬፍስ?»

«ይሄዳል።»

«ባቱን ስላመመው ነው?»

«በሱ ቢሆን ደስ ባለኝ። ለቅዳሜው ሁላችሁንም ረግሜያችሁ፣ ማታውን ይቅር ብያችኋለሁ።» ሬንሾ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አዞረለት። «የተፈቀደልኝ ሁለት የመሃል ተከላካይ ነው። አንዱ አምበሉ ነው። ይህ የዓርቡ ዝርዝር ነው።»

በታይፕ የተጻፈ ነው። ከሚቆዩት ውስጥ ስኬፍ የሚል አለ፤ በእስክሪብቶ ተሰርዞ ከላዩ ቲሎትሰን ተብሏል። ልክ እንደ ቅዳሜው፦ ያው የእጅ ጽሕፈት፣ ያው ሰማያዊ ቀለም።

«አንተም አላወቅህ፣ እሱም አላወቀ» አለ ሬንሾ። «ባትነግረው ይሻላል።»

ስኬፍ ከውጭ ታኬታዎቹን በፕላስቲክ ከረጢት እየከተተ ነበር። «አቆዩህ፣ አባባ?»

«አቆዩኝ።»

«ተመስገን፤ ከሁለታችን አንዱ ከቆየ ይበቃል።»

ቲሊ ሊያልፍ ይችል ነበር። አላስቻለውም። «ዓርብ ዕለት የምትቆየው አንተ ነበርክ። የገባሁት በቦታህ ነው።»

ስኬፍ ከረጢቱን አስሮ ጨረሰ። ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። «ይቺን ባትነግረኝ ይሻል ነበር» አለ፣ ጀርባውን ሰጥቶም ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄደ። ቲሊ ሊከተለው አስቦ እግሩ እምቢ አለው፤ አፍሮ ነበር፣ በሕይወቱ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

ቤቱ ገብቶ ኮቱን ሳያወልቅ ስልኩን አነሳ። ቲሊ በአሥራ ስምንት ዓመት ያጠራቀመው ሀብት ቢኖር የአሰልጣኞች ስልክ ቁጥር ነው። አንዱ ሞቷል። አንዱ መጠጥ ቤት ከፍቶ ኳስ ሲነሳበት ይቆጣል። ሦስቱ «አንተን ነው ወይስ ሌላ ሰው?» ብለው ሌላ ሰው መሆኑን ሲሰሙ ቸኮሉ። ሌሎቹ የተከላካይ ቦታ ሞልቷል አሉ። ረቡዕ ከሰዓት አንድ ቁጥር ብቻ ቀረ። ሎሬን ከማዕድ ቤት ሆና ጣቱ ሲያመነታ ታየዋለች።

«ሚስተር ሄይግ፣ ጋርዝ ቲሎትሰን ነኝ።»

«የሻይ ማፍያዬን ልትከፍል ነው የደወልከው?»

ቲሊ ስለ ስኬፍ ነገረው፤ ዝላዩን፣ ልቡን፣ ዕድሜውን። ሄይግ አላቋረጠውም። ሲጨርስ፣ «የመሃል ተከላካይ እፈልጋለሁ» አለ። «ግን መጀመሪያ ‘ተሳስቼ ነበር’ በል።»

ቲሊ በዚያ ቀን እንዳልተሳሳተ ዛሬም ያምናል፤ እኔም ከሱ ጋር ነኝ። የስልኩን ገመድ ጣቱ ላይ ጠመጠመ።

«ተሳስቼ ነበር።»

«አልሰማሁም።»

«ተሳስቼ ነበር፣ ሚስተር ሄይግ።»

«ነገ ጠዋት ታኬታውን ይዞ ይምጣ። ለአንድ ወር አየዋለሁ።»

ስልኩን ሲዘጋ ሎሬን ካርቶኖቹን መኪና ላይ እየጫነች ነበር። አልጠየቃትም። ስኬፍ ከአንድ ሥጋ ቤት በላይ ባለች ክፍል ነው የሚኖረው፤ በሩን ከፍቶ ሲያያቸው ሰላምታ አልሰጠም።

«ክራግቶርፕ፣ ነገ ጠዋት» አለ ቲሊ። «የአንድ ወር ሙከራ ነው። ሄይግ ከኋላ ኳስ ማንከባለል አይወድም፤ መትተህ ላከው።»

«ሄይግን ማን አናገረው? ጠላትህ አይደል እንዴ?»

«እሱ ነዋ» አለች ሎሬን። «ይቅርታ ጠይቆ። ያውም ሁለት ጊዜ።» ካርቶኖቹን በሩ ላይ አስቀመጠችለት።

«ምንድን ናቸው? እኔ ያለኝ ሁለት ሻንጣ ነው።»

«አሁን ነው ሁለት። አትጣላቸው ብቻ፤ እንዲህ ያለ ጠንካራ ካርቶን ዛሬ አታገኝም።»

ስኬፍ ጎንበስ ብሎ የላይኛውን አዟዟረው። «የሄዝል መጻሕፍት» የሚለው አምስት ጊዜ ተሰርዞ አምስት ጊዜ ተጽፏል። ጽሑፉን በጣቱ ተከተለው። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል።

«አባባ» አለ፣ «አሁን ገና ባቴን በእውነት አመመኝ።» ቲሊ በክንዱ አንገቱን ይዞ ወደ ደረቱ ጎተተው፤ የተሰበረው አፍንጫው ቢያመውም ቶሎ አልለቀቀውም።

ሲመለሱ ፎቅ ላይ ሄዝል ከጓደኛዋ ጋር ስትስቅ ይሰማ ነበር። ቲሊ ኮቱን ሊሰቅል መኝታ ክፍል ገብቶ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ የአንድ ካርቶን ጠርዝ አየ።

«አንድ ረስተሻል» አላት።

«አልረሳሁም» አለች ሎሬን። «ውሉ የአንድ ዓመት ነው።»